ካሴቱን አዲሱ ላፕቶፕህ ላይ ስትሰካው

ኤልሳዕ፣

መኪናው እየጠበቀኝ ስለሆነ በችኮላ ነው የምጽፍልህ። አገር ቤት፣ ሃላሌ፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ለሠርግህ አልደርስም።

ጌሞቹን የጫንንበትን፣ «ካሴት» የምንለውን ሃርድ ዲስክ አዲሱ ላፕቶፕህ ላይ ስትሰካው መጀመሪያ አያውቀውም። ትንሽ ታገሠው። ከዚያ «ፎርማት ላድርገው ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ እሺ እንዳትል! ሁለታችን እዚህ ድረስ ያመጣነው ጨዋታ በሙሉ ይጠፋል። ገመዱ ከፍራሼ ሥር ነው፤ ላላ ስለሚል በእጅህ ደገፍ አድርገው።

የጥሪ ካርድህ ደርሶኛል። አንድ ቤት እየኖርን በካርድ መጠራቴ ገረመኝ እንጂ አልከፋኝም።

አንደኛ ሚዜህ የመሥሪያ ቤትህ ልጅ ቶማ መሆኑንም ካርዱን ካመጣችልኝ ከእህትህ ሰማሁ። ጥሩ ሰው ነው። «አንደኛ ሚዜዬማ አንተ ነህ» ያልከኝ ጌም ላይ ሆነን ስለነበር፣ ለጨዋታ ነው ብዬ ልተወው።

የመጨረሻው ዙር ለሁለት ካልሆነ አይታለፍም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቶማ ይያዘው። የመዝለያዋን ቁልፍ ጠንከር አድርጎ ይጫናት።

ልኬን የወሰዱት ልብስ ሰፊው ጋሽ ቦልቴ «የሚዜው ሱፍ ደርሷል» ብለው ይዘው ከመጡ፣ ቤት ተሳስተዋል በላቸው።

ሚልክያስ