የሚስስ ሄለን ጥድ

ሰኞ

መረጡኝ። ጠዋት ስካይዌይ ካለው ቤቴ ስወጣ እስከ ምሳ እንደሚያሰናብቱኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጄ ሜሮንም «ዳድ፣ ዴይ ኔቨር ፒክ ኤኒባዲ» ብላኝ ነበር፤ ማንንም አይመርጡም ማለቷ ነው። አንዱ ጠበቃ «ከጎረቤት ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?» ሲለኝ «እኔ የተጣሉትን ነው የማስታርቀው» አልኩ። ሳቁ። በዚህ ያስወጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ አስቀሩኝ። እኔ የኤርፖርት ሹፌሩ በዕጣ ከተጠሩ ተራ ሰዎች ጋር ጁሪ ሆኜ ልፈርድ ነው።

ወደ ችሎት ስንገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ማን መጣ ብዬ ዞር አልኩ። ለካ ለእኛ ነው! ዳኛዋ ሳይቀሩ ቆመው ጠበቁን። አገር ቤት እያለሁ ፍርድ ቤት የረገጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ነበርኩ። ተመስገን አልኩ በሆዴ።

ጉዳዩ የሁለት አሮጊቶች ነው። ሚስስ ሄለንና ሚስስ ዶሪስ ኮሎምቢያ ሲቲ ከሚባለው ሰፈር በላይ፣ ሐይቁ ከሚታይበት ዳገት ላይ፣ አጥር ለአጥር ይኖራሉ። ሚስስ ሄለን ልጃቸው ጋ ሄደው ሳለ ሚስስ ዶሪስ ሰው ቀጥረው የሄለንን ጥድ አስቆረጡ። ሐይቁን ጋረደኝ ብለው።

ዳኛዋ ስለ ጉዳዩ ለማንም እንዳንናገር አስጠንቅቀውናል። ደብተር ሰው አይደለም፣ እዚህ እጽፋለሁ። ባለቤቴ አስቴር ግን በራት ሰዓት አላስበላ አለችኝ። «ሶ፣ ገዳይ ነው ሌባ?» እንጀራዬን ጎረስኩ።

ማክሰኞ

ይቺን ከተማ ሃያ ዓመት ነዳሁባት፤ አላውቃትም ነበር።

ሚስስ ሄለን ቃላቸውን ሰጡ። ወላጆቻቸው ጃፓኖች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ጃፓን ናችሁ ብሎ ከነቤተሰባቸው ካምፕ አስገብቷቸው ሄለን እዚያው ተወለዱ። አባትየው ሲመለሱ መጀመሪያ ያደረጉት ጥዱን መትከል ነው። «ካሁን በኋላ ከዚህ አልነሣም ለማለት ነው የተከለው» አሉ።

ከዚያ የሚስስ ዶሪስ ቤተሰብ መጣ። ያን ጊዜ ለጥቁር ሰው ቤት የሚሸጠው በጥቂት መንገዶች ላይ ብቻ ነበር አሉ። እዚያ ዳገት ላይ የገቡ ቀን በራቸውን ያንኳኳ ጎረቤት አንድ ነው፤ የሄለን አባት፣ በእጃቸው አንድ ሳህን ዓሣ ይዘው። ሄለንና ዶሪስ እንደ አንድ ግቢ ልጆች አደጉ። አግብተውም፣ ባሎቻቸውን ቀብረውም እዚያው ናቸው።

በዚህ ሁሉ መሐል በአንድ ጥድ ፍርድ ቤት መድረስ! ሽማግሌ የሌለበት አገር።

አንድ ነገር አጠፋሁ። ከሰዓት ሊፍት ውስጥ ሚስስ ዶሪስ ትልቅ ቦርሳ ተሸክመው ያለከልካሉ። ሳላስበው ተቀብዬ እስከ ችሎቱ በር አደረስኩላቸው። የሄለን ጠበቃ አየኝ። ጁሪ ከባለጉዳይ ጋር መቀራረብ አይፈቀድለትም፤ ፊቱ አላማረኝም።

ረቡዕ

ሌሎቹን አስቀርተው እኔን ብቻ አስገቡኝ። ሥራ ቦታ ምን እላለሁ? ልጄን ምን እላታለሁ?

ዳኛዋ «ምን ተነጋገራችሁ?» አሉኝ።

«ምንም። እሳቸው ታንክ ዩ አሉ፣ እኔ ኖ ፕሮብለም አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ያዙላቸው?»

«ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ጠበቃው ይውጣልኝ አለ። ዳኛዋ ለሁለቱም እኩል ማሰብ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። የሚስስ ሄለን ቦርሳ ቢሆንም እይዝ ነበር አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «ይቆዩ። ነገር ግን የማንንም ቦርሳ እንዳይነኩ» አሉ።

ዕድሜ ይስጣቸው። ወደ ጁሪው ክፍል ስመለስ ሪክ የሚባለው የጀልባ ሜካኒክ ዶናት አስቀምጦልኛል። ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀኝም።

ሚስስ ዶሪስ ከሰዓት ተናገሩ። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ከቤት አይወጡም። የቀራቸው መስኮቱ ነው፤ ከመስኮቱ ደግሞ የሚያዩት ቅርንጫፍ ብቻ። ሁለት ጊዜ ለሄለን ነግሬያታለሁ፣ በጨዋታ አሳለፈችው አሉ። እውነታቸውን ነው። ሄለንም እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ

ፈረድን። ለእኔ የሳምንቱ ከባድ ቀን ነው።

በር ዘግተው ሲያስቀምጡን «ለምን አናስታርቃቸውም?» አልኩ። ሊቀመንበር ያደረግናት ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ ወጣት ናት፤ በትሕትና «የተጠየቅነው እሱን አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በሰው ግቢ የቆመ ዛፍ አይቆረጥም። እጄን ለሚስስ ሄለን አወጣሁ። ካሳ ይክፈሉ የሚለው ውሳኔ ሲነበብ ወደ ሚስስ ዶሪስ ማየት አልቻልኩም።

ዳኛዋ አመስግነው አሰናበቱን፤ ከእንግዲህ ከፈለጋችሁት ጋር መነጋገር ትችላላችሁ አሉ። ከሪክ ጋር ወጣን። ሚስስ ሄለን ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ያሸነፈ ሰው አይመስሉም። ራሳቸው ጠሩን። «አሸነፍሽ አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማታ ማታ የዋልኩትን የምነግረው ለዶሪስ ነው። ይሄንን ለማን ልንገር?» አሉ።

አላስቻለኝም። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን የተጣላው ሰው ሽማግሌ ይልካል አልኳቸው። ሽማግሌ ምን እንደሆነ እስካስረዳ ላብ አጠመቀኝ። ሰምተው ሲያበቁ «ከየት ይገኛል?» አሉ። እኔና ሪክ ተያየን።

ዓርብ

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፍርዱ ምንም አላለችም፤ ነገ ለሽምግልና የምለብሰውን ሸሚዝ ግን ተኮሰችልኝ። ሪክ ኮል አደረገ። «ምን ይዤ ልምጣ?» አለ። ምንም፣ ዝም ብለህ አብረኸኝ ቁም አልኩት።

ቅዳሜ

ሚስስ ዶሪስ በሩን ሲከፍቱ አወቁን። «ከፈረዳችሁብኝ ወዲያ ምን ቀራችሁ?» አሉ። ቢሆንም አስገቡን፤ ወንበር አቀረቡ።

«እስኪሰሙን አንቀመጥም» አልኩ። ሪክ መቀመጫውን ወንበሩ ጫፍ አድርሶ ነበር፣ ቀና አለ። መኪና ውስጥ ብነግረውም ረስቶታል።

ሚስስ ሄለን የላኩንን ተናገርን። የከፋኝ ጥዱ አይደለም፣ ሳትነግሪኝ መቁረጥሽ ነው፤ እኔም ስትነግሪኝ አለመስማቴ ጥፋት ነው፤ ካሳውን አልፈልግም ብለዋል አልናቸው። ክፍሉ በቀን ጨለማ ነው፤ በሐይቁ በኩል ያለው መጋረጃ ጥርቅም ብሏል። ሪክ ምኑንም ሳያስበው «ሐይቁ በዚህ በኩል አይደል?» አለ። በእግሬ ልነካው ነበር።

«ከተቆረጠ ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም» አሉ ሚስስ ዶሪስ። «መጀመሪያ የሚታየው ጉቶው ነው።»

በመጨረሻ ዛሬ መልስ የለኝም፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ ብለው ሸኙን።

መኪና ውስጥ ሪክ መሪውን ይዞ አቀርቅሮ «አልሆነም፣ አዝናለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም። ስንት ቤት ለሽምግልና ገብቻለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለኝ የለም። እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ይህን ስነግረው መሪውን በመዳፉ መታው። ተመስገን፣ እንዲህ ያለ ሰው ያገኘሁት በጁሪ ዕጣ ነው።

ለሚስስ ሄለን ደወልኩላቸው። የተባለውን በሙሉ ነገርኳቸው፤ መጋረጃውንም።

«ከስታለች?» አሉኝ።

በፊት ስለማላውቃቸው መለየት አልችልም አልኳቸው።

«እንግዲያው የዛሬ ሳምንት ደህና አድርገህ እያትልኝ» አሉ።