ያላስተማርኩት ግማሽ

ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ዳባት

ዛሬም ከአንጓ ጀመርኩ። የስንዴ አገዳ አንጓ አለው። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሥሩ እንደ ጢም ብትንትን ያለ። ሳር ወገን ማለት ይኸው ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ። ሃያ ስድስት ወጣቶች። ግማሾቹ ይጽፋሉ፣ ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ከበየዳ የመጡት ሁለቱ ሳቁብኝ። ገብስ ምን እንደሚመስል ሊነግረን ነው መሰለኝ ተባባሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገብስ ውስጥ ነው ያደጉት። ሰብሉን ያውቁታል። የማያውቁት ወገኑን ነው። ወገኑን ሳያውቁ ደግሞ የአረም መድኃኒት አዝሎ ሰው ማሳ መግባት የለም። ይህን ስነግራቸው የገዛ ድምፄ ሰለቸኝ።

ደብተሬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። ክረምቱን ደባርቅ ቤቴ ማረፍ ሲገባኝ ረጪ ወጣቶችን ማሠልጠን እሺ ያልኩት ራሴ ነኝ። ማንንም አልወቅስ። ጉልበቴ ብቻ እኔን ይወቅሰኛል።

ነሐሴ 5፣ 12 ሰዓት

ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የምናገረውን እኔም አልሰማው። ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ስለ መድኃኒቱ ነበር የዛሬው። ሰብል አይነካም፣ ቅጠለ ሰፊውን አረም ነው የሚያቃጥለው አልኳቸው። ስለ ስንዴ ነበር የማወራው። ጥራጥሬው ቀረ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ለነገ ብዬ አሰናበትኳቸው።

ከሰዓት የግብርና ጽ/ቤቱ የሥልጠናውን ቅጽ በአስቸኳይ ፈለገው። «የብርዕና የጥራጥሬ ሰብሎችን መለየት፦ ተሰጥቷል» የሚል መስመር አለ፤ ብርዕ የሚሉት የሳሩን ወገን ነው። ፈረምኩበት። ነገ የምሰጠው ነገር፣ አንድ ቀን ቢቀድም ምን ይሆናል ብዬ።

ጾም ነው። ሽሮ በልቼ ተኛሁ ማለት ይቻላል።

ነሐሴ 6

አልሰጠሁም። መርጫዎቹ በመኪና መጡ። ቀኑን ሙሉ ውኃ መለካት፣ ማንገቻ ማስተካከል፣ የተደፈነ የመርጫ አፍ ማጽዳት። ስለ ጥራጥሬው ያነሣ የለም። እኔም አላነሣሁም። እውነቱን ልንገርሽ? ባለማንሣታቸው ደስ አለኝ።

ነሐሴ 8፣ ከሰዓት

ማሳ ወጡ። ለየሰዉ አንዳንድ ማሳ። ዳገቱን ከሁሉም ጋር መውጣት አልቻልኩም፤ ታች መንገዱ ዳር ካሉት ጋር ቀረሁ። ላይኛው የአያ ደሴ ስንዴ ለብርቱካን ደረሳት። የደባርቅ ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ። አባቷ ሊማሊሞን ለሚወርዱ መኪኖች ጭነት ይጭናል። ከክፍሉ አብዝታ የምትጠይቀው እሷ ናት፤ አንዳንዴ ደክሞኝ እጇን እንዳላየ አልፋታለሁ። ስትጨርስ እየሳቀች ወረደች። መርጫው ጀርባዋን አርሶታል። በሰላም ዋልን።

ነሐሴ 11

በሰላም አልዋልንም ለካ።

ጠዋት አያ ደሴ መጡ። ሰባ የሚጠጉ ገበሬ ናቸው። ተከትያቸው ወጣሁ፣ ሦስት ቦታ አርፌ። እንደ አባታቸው ስንዴው መሃል ባቄላ ጣል ጣል አድርገው ነው የሚዘሩት። በረዶ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ ስንዴውም ባቄላውን ደግፎ ያቆመዋል። እዚህ አገር ግማሹ ሰው እንዲህ ነው የሚዘራ። ስንዴው አረንጓዴ ነው፣ ያማረ። ባቄላው ሁሉ አናቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል። አልቋል። አይነሣም።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። የዓመት ሽሯችን ይኼ ነበር፣ ቤት ውስጥ ስድስት ነፍስ አለ አሉ።

ብርቱካን ቀድማ መጥታ ኖሯል። አንድ የተጠማዘዘ ባቄላ ነቅላ ይዛለች። ባቄላ መሆኑን አላወቅሽም ወይ አልኳት። አውቄያለሁ አለች። ባቄላ ሰብል ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ሰብል አይነካም፣ ስለዚህ ረጨሁ። ቃሌን አንድ ሳታጎድል መለሰችልኝ። ቂም የለባትም። የተማረችውን ነው የምትናገር።

ነሐሴ 12፣ 11 ሰዓት

ጽ/ቤት ተጠራን። ኃላፊው ቅጹን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ፊርማዬ እዚያ አለ፣ ከነጭራው። ጥራጥሬን መለየት ተምረሻል ወይስ አልተማርሽም ብለው ጠየቋት።

ተምሬያለሁ፣ ዘንግቼው ነው አለች። ወለሉን እያየች።

እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ምላሴ ታሰረ። ምላስ ታሰረ ሲባል የሰው ሰበብ ይመስለኝ ነበር፤ ይታሰራል። ከነገ ወዲያ የጽ/ቤቱ ኮሚቴ ሊወስንባት ይቀመጣል። ስሟ ከረጪዎቹ ማኅበር ይሰረዛል፤ መርጫውም ለሌላ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ያገኘችው ይህንን ነው።

ስወጣ ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አይዞዎት፣ እርስዎን የሚነካ ነገር የለም አሉ። ያ እጅ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ነሐሴ 13፣ ረፋድ

መንገድ ላይ ጠብቄ አገኘኋት። ያልተማርሽውን ለምን ተምሬያለሁ አልሽ አልኳት። መልሱን እንዳለ ልጻፈው፦

«መምህር፣ ያን ቀን ደክሞዎት ነበር። ሁላችንም አይተናል። በስተርጅና እርስዎን ከሚያዋርዱብን እኔ ብቀር ይሻላል።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም። አፈርኩ። ልጅ አዘነችልኝ፤ እኔም ሐዘኗን ተቀብዬ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ።

ነሐሴ 13፣ 12 ሰዓት

ከእሷ እንደተለየሁ ወደ አያ ደሴ ወጣሁ። አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝናቡን፣ ፊርማውን፣ ዝምታዬን። ቀና ብለው እንኳ ሳይጨርሱ መለሱልኝ፦

«እንግዲህ አንቱ መምህር፣ ለእኔ መንገርዎ ባቄላየን አያነሣው። ይልቅ የልጂቱ ስም ሳይጠፋ ወደዚያው ይሂዱ።»

ከታች ጥቁር መሬት አለቻቸው፤ መስከረም ላይ ሽምብራ ሊዘሩባት ያስባሉ፣ ጉልበት ግን የለም። እኔና ልጆቹ መጥተን እንዘራለን አልኩ። እናያለን አሉ። ማመን አልነበረባቸውም፣ አላመኑኝምም።

ከሰዓት ልጆቹን ሰበሰብኩ። ብርቱካንም መጣች፣ ኋላ ተቀመጠች። ያላስተማርኳችሁ ነገር አለ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ ጀመርኩ። ስልክ የሚነካካ የለም። አንድ ባቄላ ከነሥሩ፣ አንድ ስንዴ ከነሥሩ ዘረጋሁላቸው። የባቄላው ሥር ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች በጣታቸው ዳሰሱ። የቅጠሉ መስመር እንደ መረብ ተጠላልፏል፣ ቅጠሉም ሰፊ ነው። ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድል መድኃኒት ይህንንም አረም ብሎ ይገድለዋል፤ ሰው ሰብል ማለቱን መድኃኒቱ አይሰማም አልኩ። ከበየዳዎቹ አንዱ፣ ያ የሳቀብኝ፣ እጁን አወጣ። ታዲያ ቀላል ነው፣ ክክ የሚወጣው ሁሉ ጥራጥሬ ነው፤ ስንዴን ማን ከክቶ ያውቃል አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አሳጥሬ አስረድቼ አላውቅም።

ሰዓቴን አየሁ። ሠላሳ ደቂቃ ነበር የፈጀው። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ።

ነሐሴ 14፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ኃላፊው ደወሉ። ትናንት ልጆቹን ምን እንዳልኩ ሰምተዋል። ነገሩ በእሷ ላይ ቢዘጋ ለሁሉም እንደሚቀል መከሩኝ። ያልተሰጠ ትምህርት ተሰጥቷል ብሎ መፈረም ማስጠንቀቂያ እንደሚያጽፍ፣ ለጡረታ የቀረኝም ሁለት ዓመት መሆኑን አስታወሱኝ። አመሰገንኳቸው። ከልቤ ነው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። እንደ እኔው ደክሟቸዋል።

ፈራሁ፣ ደብተሬ። አልዋሽሽም።

ግን ወረቀቱን ጽፌዋለሁ። ጥራጥሬን መለየት አልተሰጠም። ሰብል አይነካም ያልኩት እኔ ነኝ። ሠልጣኟ የተነገራትን ፈጸመች። ስም፣ ፊርማ። ለጸሐፊዋ ሰጥቼ አልመለስም፤ ብርቱካን ባለችበት ቆሜ አነበዋለሁ።

ኮሚቴው 4 ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሬ በሩ ላይ እቆማለሁ። እሷ ደግማ ተምሬያለሁ ብላ ሳትቀድመኝ መናገር አለብኝ።