ቱዌት ዝም ያለች ቀን

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ልብስ አጠብኩ። ዝናቡ ታገሠኝ፣ እስከ ቀትር ደረቀልኝ። ምሳ ቀጭን የሩዝ ሾርባ... ሌላው ምግብ ሁሉ ጨጓራዬ ላይ ተቀምጦ አልወርድ ይላል። ቀሚሴም ሰፍቶብኛል። የሰው ልብስ የለበስኩ መስያለሁ።

ቪን ከሥራ ቶሎ ገባ። ልጄ ቶሎ ገብቶ አያውቅም። ብርቱካን ልጦ ሰጠኝና፣ "እማዬ፣ ከነቱዌት ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ለምን አትሄዱም? ሀ ዣንግ አሁን አበባው ፈንድቷል። መኪናውን እኔ አመቻቻለሁ" አለኝ። ስንት ዓመት የለመንኩትን ነገር... ዛሬ ምን ነካው?

"የምርመራው ውጤትስ?" አልኩት።

"ነገርኩሽ እኮ፣ የጨጓራ ቁስለት ነው። ስትመለሺ ትንሽ ነገር አጥበው ይለቁሻል።" ይህን ሁሉ ሲናገር የሚያየው ብርቱካኑን ነው።

በቱቦ ሆዴን ያዩ ቀን ሐኪሙ የጠራው እሱን ነበር። እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ደግ ወሬ ቢሆን ለምን እኔን አላስገቡኝም? ክፉ ወሬ ነው ለቤተሰብ ብቻ የሚነገር። ታላቅ እህቴን ዲየምን ሐሞትሽ ውስጥ ጠጠር አለ ያልናት እኛው ነን። ጠጠር አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ቱዌት ደወለች። እሷ፣ ሱዎንግና እኔ አንድ የሽመና ፋብሪካ ውስጥ አርጅተን አብረን ጡረታ የወጣን ነን። ሱዎንግ ዝምተኛዋ ናት። ቱዌት ደግሞ ሳትሳደብ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ሐሙስ በጠዋት እንወጣለን" አለችኝ።

ቀን መቁጠሪያውን አየሁት። ሐሙስ በጨረቃ አቆጣጠር ሰባት ነው። በሰባት ከቤት አይወጣም፣ በሦስት ወደ ቤት አይመለስም ይባላል። ይህን ከማንም በላይ የምታጠብቀው እሷው ናት። የእህቷ ልጅ ሠርግ ሩቅ ነው፣ መንገዱም በሰባት ይውላል ብላ ቀርታለች፤ እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል።

"ሐሙስ እኮ ሰባት ነው" አልኳት።

"ይሁና። ዛሬ ማን ይቆጥራል? ወፍራም ሹራብ ያዢ።"

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ቱዌትን ከሰባተኛው ቀን በላይ ያስፈራት ምንድን ነው? የምን ጥድፊያ ነው? 

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ሀ ዣንግ ከተማ ደርሰናል። ከናም ዲን ቀኑን ሙሉ መኪና። ሹፌሩ ኪየን ይባላል፤ ቁጥብ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሱዎንግ ገና ሃኖይን ሳናልፍ ማስታወክ ጀመረች።

የፊት ወንበር የቱዌት ነው። ሁልጊዜ። አንዴ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንኳ አልለቅም ብላ ያሳቀችን ሴት ናት። ዛሬ በሩን ከፍታ፣ "ግቢ፣ አንቺ ፊት ሁኚ፣ አገሩን እይ" አለችኝ። ምሳ ላይ የዶሮውን ጭን እኔ ሳህን ላይ አደረገችው። አመሰገንኳት። ጭኑን ግን ሳልነካው ተውኩት።

ራት የዚህን አገር መራራ ገንፎ በላን። ከመርዛም ሥር ነው የሚሠራው። ሲቀቀል ውሎ መርዙ ይለቃል፣ ለእንቅልፍ ይረዳል ይላሉ። በደንብ ባይበስልስ? ማንኪያውን ይዤ ስቆይ የምግብ ቤቱ ባለቤት አየችኝ። "ብዪ እትዬ፣ እዚህ ቤት በልቶ የሞተ የለም። በልቶ ሳይከፍል የጠፋ ግን አለ" አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ሱዎንግ ስትስቅ ቆይታ ዓይኗን ጠረገች።

ከሳቅ ነው?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ኮረብታው ሁሉ ሐምራዊ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ነበር የምመኘው። አየሁት። ደስ ማለት ግን አልቻልኩም።

ሦስት ሆኖ ፎቶ አይነሳም፣ መሀል የቆመው ቀድሞ ይሞታል ይባላል። ቱዌት ለዚህ ነገር የምታደርገውን ማን ያጣዋል። ሦስት በሆንን ቁጥር መንገደኛም ይሁን ሎተሪ ሻጭ ጎትታ አራተኛ ታደርጋለች። ቤቷ ግድግዳ ላይ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች አቅፈውን ቆመዋል።

ዛሬ ኪየን አበባው መሀል አቆመንና፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ እትዬዎች" አለ። መሀል ያለሁት እኔ ነበርኩ። አራተኛ ሰው ትፈልጋለች ብዬ ስጠብቅ በክርኗ ገፋ አደረገችኝና መሀል ገባች። ቱዌት፣ መሀል። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። 

ከዚያ በኋላ አላስቻለኝም። ልፈትናት ወሰንኩ። ምሳ ላይ፣ ምንም ሳትነካኝ፣ "ባልሽን የገደለው በሽታ አይደለም፣ ያንቺ አፍ ነው" አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ መውጣቱ ለራሴም ገረመኝ። በደህና ቀን ቢሆን የዓሣ መረቁን ፊቴ ላይ ትደፋው ነበር። ጠበቅኩ። እንድትደፋው ለመንኩ፣ በሆዴ።

አንገቷን ደፋች። "ይሆናል" አለች። "ብዪ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።"

ሱዎንግ ከገበታው ተነስታ ወጣች። አበቃልኝ። ቱዌት ዝም ብላ የምታሳልፈው የሚሞት ሰው ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

አሁን ትንሽ ተረጋግቻለሁ። ልጻፈው።

የማ ፒ ሌንግን ዳገት ስንወጣ ጭጋጉ መኪናውን ዋጠው። ገደሉ በእኔ በኩል ነው። አይታይም፣ ግን እዚያ እንዳለ እግሬ ያውቃል። ኪየን ጥሩምባውን እየነፋ በዝግታ ይሄዳል። ድንገት ከፊታችን የሚንኮታኮት ድምፅ... ድንጋይ ነው፣ መንገዱን ዘጋው። ትንሽ ቀድመን ቢሆን ኖሮስ? ከወዲያ በኩል ያሉ ሰዎች ዶማ ይዘው መጡ። ኪየን ሊያግዛቸው ወረደ። ሦስታችን መኪናው ውስጥ ቀረን።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። ከድንጋዩ ይልቅ እነሱ አስፈሩኝ።

"ቪን ምን ብሏችኋል?"

"ተዝናኑ ነው ያለን፣ ምን ይለናል?" ቱዌት ናት።

"ዲየምን ጠጠር ነው ስላት ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አውቀዋለሁ። አሁን እሱኑ ፊት እያየሁ ነው።"

የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ይመላለሳል። የመለሰችልኝ ሱዎንግ ናት፣ በዓመት አንዴ የምትናገረዋ።

"ዕጢ ነው። ጨጓራሽ ውስጥ። ክፉው ዓይነት።"

ቱዌት ትከሻዋን በጥፊ መታቻት። "ልጁ አስምሎን የለም?"

"መብረቅ ይምታኝ እንግዲህ። እየሳቅኩላት መብላት አልቻልኩም።"

 የማውቀውን ነው የነገረችኝ። ታዲያ ሲነገር ለምን አዲስ ሆነብኝ? ቱዌት ተንደረደረች። ገና ትንሽ ነው፣ ሐኪሙ ቶሎ ከወጣ ተስፋ አለው ብሏል፣ ቀን ተቆርጦልሻል... አንዱን ጨርሳ ሌላውን አትጀምርም፣ ሁሉንም አንድ ላይ።

"ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ?"

"ከሰማሽ ቢላ አይነካኝም ትያለሽ ብሎ ፈርቶ ነው። አትዪም?"

"እላለሁ! ዲየምን ቢላ ነካት፣ ወር ሳይቆይ በሽታው ሰውነቷን ሁሉ አዳረሰ። ቢላ የነካው ይበተናል።"

"ይኸው። ልጅሽ እናቱን ያውቃታል።"

"እና ምን ልታደርጉኝ ነበር? ሆድሽን እናጥባለን ብላችሁ አስተኝታችሁ ልታስቀድዱኝ?"

ቱዌት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለካ ልክ እንደዚያ ነበር።

 የበሩን እጀታ ያዝኩ። ከታች ጭጋግ ብቻ። ቱዌት ከኋላ የሹራቤን ኮሌታ ጨምድዳ ያዘች። "ወዴት?" አለችኝ። አላውቅም። እውነቴን ነው፣ የት ልሄድ እንደነበር አሁንም አላውቅም። ወደ ወንበሩ መለሰችኝ።

"ትናንት መሀል ለምን ገባሽ?" አልኳት።

"ተይኝ።"

"ንገሪኝ።"

"ከእኔ ይጀምር ብዬ ነው። የሞኝ ነገር ነው፣ አውቃለሁ።" ይህን ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ሱዎንግም።

ኪየን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ሦስት አሮጊቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሲያይ ደነገጠ። "አይዟችሁ እትዬዎች፣ ድንጋዩ ተነስቷል። ማንም አልተጎዳም" አለን። ማንም እውነቱን አልነገረውም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ከተራራው ሥር ባለው ወንዝ ላይ በጀልባ ልንሄድ ነበር። አልወጣም አልኩ፣ እነሱም ቀሩ። ዳር ላይ ተደርድረን ውሃውን አየን። ቱዌት ከሙዝ ቅጠል የሩዝ ቂጣ እየፈታች ታቀብለኛለች። አፏ ተዘግቷል። ከዕጢው ይልቅ ይህ ዝምታዋ ነው የሚገድለኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ወደ ቤት። መንገዱን ሙሉ ዲየምን ሳስብ ዋልኩ።

እኔን ያስፈራኝ ቢላው ነበር? እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ግን ዛሬ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ቢላው አይደለም። ዲየም አልጋዋ ላይ ሆና፣ "ጠጠሩ ወጣ አላችሁ፣ ታዲያ ለምን አይሻለኝም?" ስትል ነው የማያት። እኛ ዙሪያዋን ከበን እንስቃለን። ጥፍሯን እንቆርጥላታለን፣ የሊቺ ፍሬ እንልጥላታለን። እስከ መጨረሻው ጠየቀች፣ እስከ መጨረሻው ሳቅንላት። ቢላው ነው የገደላት ወይስ ድሮም አይቀርላትም ነበር? ማን ያውቃል። ብቻዋን መሆኗን ግን አውቃለሁ። ያን ሁሉ ሰው መሀል ብቻዋን።

እንደሷ አልሆንም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ለቪን ነገርኩት። "ሁሉንም አውቃለሁ" ስለው እንደ ሕፃን መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቱ ሲሞት እንኳ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

"ትሄጃለሽ?" አለኝ።

"መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንገባለን። እኔ ወንበሩ ላይ፣ አንተ ቆመህ። ከዚያ እነግርሃለሁ።"

"እማዬ፣ የሚናገረውን ሰምተሽ ብትወድቂብኝስ?"

"ታነሳኛለህ።"

እንዲህ ብዬ ደንፍቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ገብቼ በሩን ቆለፍኩና እንዳይሰማኝ ውሃውን ከፈትኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ሃኖይ፣ ሆስፒታል። ነገ ጠዋት ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ስለ እኔ ዕጢ ሲያወራ ቪንን ያያል፤ ልማድ ሆኖበት ነው። "ወደ እኔ ተናገር ልጄ፣ ሆዱ የእኔ ነው" አልኩት። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሣለልኝ፣ የቱ ጋ እንደሚቆርጥ አሳየኝ። ከፍተው ሳያዩ ዕጢው የት እንደደረሰ ማወቅ እንደማይቻልም ነገረኝ። መጥፎውንም ደጉንም ለእኔ ነገረኝ። እሺ ያልኩት ራሴ ነኝ። ድፍረት አይደለም። ፈርቻለሁ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊደሉ እየተጣመመብኝ ነው።

ከቀትር በኋላ ቱዌትና ሱዎንግ መጡ። ቱዌት የዶሮ ገንፎ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታለች። ነርሷ አይታ ተቆጣች፣ ለነገው ቀዶ ጥገና እህል ተከልክያለሁ።

"አትብዪ ተብያለሁ ብዬ በስልክ አልነገርኩሽም?" አልኳት።

ትከሻዋን አየሁ። ስትቆጣ መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሚነሳው። ተነሳ።

"አንቺ ግትር በቅሎ፣ አንቺ ከሲታ! ከናም ዲን ድረስ ጭኔ ላይ አቅፌ እግሬ እየተቃጠለ ያመጣሁትን? ምን ብለሽ ነገርሽኝ? ስልክ ላይ ስታወሪ እኮ አፍሽ ውስጥ ጥጥ ያለ ነው የሚመስለው። ደግሞ ባልሽን አፍሽ ገደለው ብለሽኛል፣ የረሳሁት እንዳይመስልሽ። ትነሻለሽ ከዚህ አልጋ፣ ያን ጊዜ እንተሳሰባለን።"

የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየን። ሱዎንግ ማንኪያ አውጥታ ገንፎውን መብላት ጀምራ ነበር። እኔ ሳቅኩ። ጨጓራዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሲሰነባበቱ ቪን ስልኩን አወጣና ፎቶ ላንሳችሁ አለ። አልጋው ላይ ስለሆንኩ ግራና ቀኝ ሆኑ። እኔ መሀል። ቪን ሊያነሳን ሲል ቱዌት፣ "ቆይ፣ ቆይ" አለችና ትሪ ይዛ የምታልፈውን ያቺኑ የተቆጣችንን ነርስ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ነርሷ ግራ ገብቷት አጠገቤ ቆመች፣ አራት ሆነን ተነሳን።

ስሟን አልጠየቅናትም።