አባቷ ያልረሳው ቀጠሮ

ሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን 2002

ለማንም ነግሬ የማላውቀው ይህ ነው፦ ጌታሁን በሕይወት ሳለ ማንበብ አልችልም ነበር። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ልጄም አታውቅም።

ዛሬ ትርሲት የመመረቂያ ሥራዋን መቅድም ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ዩኒቨርሲቲው የማስታወቂያ ዘመቻ ነድፋችሁ አቅርቡ ብሏቸው ከጓደኛዋ ከማርታ ጋር ወራት ደክመውበታል። በሽተኞች ከሐኪም ቀጠሮ እንዳይቀሩ የሚያሳስብ ፖስተር፣ በራሪ ወረቀት፣ የሬዲዮ መልእክት። መፈክሩ «ቀጠሮዎን አይርሱ» ይላል። መቅድሙ ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «አባቴ የሞተው ቀጠሮውን ረስቶ ነው።»

«እንዴት ነው፣ እማዬ?»

«ጥሩ ነው» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ስለ እንባዬ አልጠየቀችኝም።

ጌታሁን አልረሳም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ትርሲት ግቢ ውላለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ልጻፈው።

ሽማግሌ ሲላክ «ልጅቷ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች» ተብሎ ነው የተዳርኩት። እውነት ነው፣ እደግማለሁ። አባቴ በቃል ነው ያስጠናኝ። መጽሐፉን ገልጬ፣ ገጹን በግምት እያገላበጥኩ ስደግም ያየኝ ሁሉ አንባቢ እመስለው ነበር። ጌታሁን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርና በአንባቢነቴ ይኮራል። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ለመሠረተ ትምህርት ሊመዘግቡኝ ሲመጡ በር ላይ ቆሞ «ይቺን ልታስተምሩ ነው ወይስ ልታስተምራችሁ?» ብሎ ሳቀባቸው። ጎረቤቶቼ በሙሉ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ቤት ቀረሁ።

ኋላ ስኳር ያዘው። ዓይኑ ደከመ፤ እግሩ ላይ ቁስል ወጣ። ጤና ጣቢያ ሰልፉ ብዙ ነበር፣ ሁሉም ተጽፏል ብለው ወረቀት ሰጥተው ሸኙት። ለእኔ ሰጠኝ። «እስቲ ምን ይላል?»

ለጎረቤት ላስነብበው እችል ነበር። አፈርኩ። ወረቀቱን ጥቂት አየሁና «መድኃኒቱን ጨርስ፣ እግርህን አሳርፍ ነው የሚለው» አልኩት። አመነኝ። አሳረፈ። ቁስሉ ከፋ፤ ሆስፒታል ስናደርሰው ጊዜው አልፎ ነበር።

ለቅሶ ላይ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ «ቀጠሮ ነበረው እኮ፣ ምነው ቀረ?» አለ። «ረስቶት ይሆናል» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ዘንድ ጌታሁን ቀጠሮውን የረሳ ሰው ሆኖ ቀረ።

ትርሲት አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ፈረቃዋ ከሰዓት ሲሆን፣ ጠዋት እሷ ስትጫወት መጽሐፏን እየወሰድኩ ለብቻዬ ተማርኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ያንን ወረቀት ያኖርኩበትን ሳጥን ከፍቼ አነበብኩት። «በሳምንቱ ተመልሶ ይምጣ። ቁስሉ ይታያል።» ሁለት መስመር ብቻ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

በባጃጅ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቡሹሎ ሄድን። በራሪ ወረቀቱን ሰው ላይ መሞከር አለባቸው፤ የማርታ ዘመዶች እዚያ ናቸው። እኔን የወሰዱኝ ትልልቅ ሴቶች ከትልቅ ሴት ጋር ይግባባሉ ብለው ነው።

ማርታ በሲዳምኛ አስረዳቻቸው። አክስቷ ወረቀቱ ላይ ያለውን የበሽተኛ ሥዕል አይተው «ይቺ ሴትዮ ታማ ነው ወይስ ሰርግ ተጠርታ?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። እውነትም ከንፈሯ ቀልቷል። ከዚያ ወረቀቱ በየእጁ ዞረ። «ግልጽ ነው?» ትላለች ትርሲት። ግልጽ ነው ይላሉ። ቅጿ ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ቢጫ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት ነበረች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን አንድ ቦታ ተከለች። ትንሽ ቆየች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ገለበጠችው፤ ጀርባውም ላይ ያንኑ ያህል ቆየች። ምን ያህል መቆየት እንደሚያስፈልግ አሳምራ ታውቃለች።

«አንድም ያልገባው ሰው የለም!» ትለኛለች ትርሲት ስንመለስ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ነገርኳት። ግማሹን።

«እነዚያ ሴቶች አላነበቡትም።»

«ጠየቅናቸው እኮ፣ እማዬ።»

«እኔም ብጠየቅ ገብቶኛል ነበር የምለው። አባትሽ እስኪሞት ማንበብ አልችልም ነበር።»

አፍጥጣ አየችኝ። «ውዳሴ ማርያሙስ?»

«በቃሌ።»

«ማን አስተማረሽ ታዲያ?»

«ያንቺ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ።»

«ሌባ!» ብላ ሳቀች፣ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች። ሁሉንም ባንድ ጊዜ። ያኔ ቀሪውን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ማርታ በሩን አንኳኳች።

ማርታ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ነገ ነው እኮ የምናቀርበው! እትዬ አሰለፈች፣ ምናለ ትናንት ቢነግሩን?»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ወዲያው ቡሹሎ ተመለሱ፤ እኔም አብሬ። አሁን «ግልጽ ነው?» አላሉም። «ወረቀቱ መቼ ተመለሱ ይላል?» አሉ። ባለ ቢጫ ሻሿ ሴት መሬት መሬት አየች። አጠገቧ ተቀምጬ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» አልኳት፤ ማርታ ተረጎመችልኝ። ቀስ ብላ ፈገግ አለች። «በገበያ ቀን ብትነግሩኝ አልስትም» አለች።

ልጆቹ ዘመቻውን እንደ አዲስ ሠሩት። ነርሷ ቀጠሮውን በገበያ ቀን ቆጥራ ትናገራለች፤ በሽተኛው መልሶ ይነግራታል። ሬዲዮው በሁለት ቋንቋ። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ።

ዓርብ፣ ሰኔ 11

አለፉ! ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁ። የመጀመሪያው ሙከራቸው የት ላይ እንደተሳሳተ ራሳቸው ተናገሩ፤ መምህራኑ ያንን ወደዱት።

አንደኛው መምህር ግን ጠየቀ። «ሰዎቹ አልረሱም፣ አላወቁም እያላችሁን ነው። መፈክሩ ለምን አይርሱ ይላል?»

ትርሲት ጥቂት አሰበችና «የሚረሱም አሉ። አባቴ የሞተው ረስቶ ነው» አለች።

አስተካክላችሁ ሰኞ ጥራዙን አስረክቡ ተባሉ። ፒያሳ ወስደው ጭማቂ ጋበዙኝ። ማርታ «መፈክሩን እንቀይረው ይሆን?» ስትል፣ ትርሲት ጭማቂዋን በማንኪያ እያማሰለች «ይቆይ። አባባ እኮ ፊደል ያልቆጠረ ሰው አልነበረም። ቸልተኛ ነበር፤ ለእኔ እንኳን ብሎ አልሄደም» አለች።

ለእኔ እንኳን ብሎ። ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛው ኖሯል ለካ። እኔ ነኝ ያስያዝኳት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ሳስቀድስ ቆየሁ። የምለውን በልቤ ስደረድር ነበር፤ ቤት ስገባ ሁሉም ጠፋኝ። አፌ እንደማይችለው አወቅሁ፤ የጻፍኩትን ታንብበው።

ትርሲት ውጭ ልብስ እያሰጣች ነው። ስታንጎራጉር ይሰማኛል። ነገ ማታ መቅድሙን ጨርሳ ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤት ትወስደዋለች። ያ ዓረፍተ ነገር ከታተመ የሚያነበው ሁሉ ጌታሁንን በዚያ ነው የሚያውቀው።

ትቆጣኝ ይሆናል። ቤቱን ጥላ ማርታ ዘንድ ትሄድ ይሆናል። ይቅር ትለኝ እንደሆነም አላውቅም፤ ይቅር በይኝ ብዬም አልጻፍኩም። ጌታሁን ሚስቱን ያመነ ሰው ነው። ልጁን ያልወደደ ሰው አይደለም። ይህን ብቻ ትወቅልኝ።

ባዶ ባልዲውን ይዛ ወደ በሩ እየመጣች ነው። እነዚህ ገጾች የእሷ ናቸው፤ የትርሲት ጌታሁን።