ፈረቃው የኔ ሐሳብ ነበር

ናዝሬት፣ ኅዳር 3 ቀን 1974
ዛሬም ትምህርት ቢሮ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ ዋልኩ። ግን ወሬ አለኝ፣ ደብተሬ! ጥናቴ ጸደቀ። የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት በፈረቃ ይሁኑ ያልኩት፤ ግማሹ ልጅ ጧት፣ ግማሹ ከሰዓት። በዚያው ክፍል፣ በዚያችው አስተማሪ እጥፍ ሕፃን ይማራል። ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ለውጭ ትምህርት ስሜ ሊላክ ነው። ጮቤ ረገጥኩ፤ ምን ይደበቃል!

ታኅሣሥ 11
አቧራ። ራስ ምታት። ፈረቃው ተጀመረ። የጎረቤቴ የወ/ሮ ዲንቄ ትንሹ ልጅ ገመቹ ቀኑን ሙሉ መዋዕለ ሕፃናቱ ነበር የሚውለው፤ አሁን የከሰዓት ሆነ። ወላጆች ተደስተዋል ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ማንን ጠይቄ እንደሆነ እንጃ።

ጥር 6፣ ጧት
ጉንፋን። ቤት ቀረሁ። በመስኮት ጫልቱን አየኋት፤ የገመቹ ታላቅ፣ አራተኛ ክፍል፣ ጎበዝ ተማሪ። ወንድሟን እያስለቀሰች ፊቱን ታጥባለች። ት/ቤቷ የጧት አይደል እንዴ? ጠርቼ ጠየቅኋት። እናቷ መጋዘን ቦሎቄ ስትለቅም ስለምትውል ጧት ገመቹን የሚይዝ የለም። ትምህርት ካቆመች ሰነበተች። ፈገግ እያለች ነው የምትነግረኝ።

ጥር 7
ወ/ሮ ዲንቄ ጋ ሄድኩ። ልወቅሳት! «አከም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። የቢሮ ሰው ስለሆንሽ ገመቹን ወደ ጧት አዘዋውሪልኝ ብላ ለመነችኝ። ፈረቃው የማን ሐሳብ እንደሆነ አታውቅም። አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ጉንፋኔ አወራሁ። ፈሪ።

ጥር 13
መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። ጧት ሞልቷል። ለገመቹ የማንን ልጅ ላስወጣ? የከሰዓቶቹን ልጆች ቤት እየዞርኩ አየሁ፤ በብዙዎቹ ደጅ ላይ አንዲት እህት ቁጭ ብላለች። ትንሹ ቀኑን ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ሲውል ትልቋም ትማር ኖሯል። እኔ የቆጠርኩት ትንሹን ብቻ። ይኼን ሁሉ ዓመት የትምህርት ጥቅም አጠናለሁ ብዬ!

ጥር 16
ለኃላፊዬ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ አዘነልኝ። ከውጭ ተምረሽ ስትመለሺ ታርሚዋለሽ አለኝ። አሁን ስህተቱን ካወጣሁት ግን ስሜ አይላክም።

ጥር 17፣ ማታ
ጥናቴ ስህተት ነው ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ አስገባሁ። ጉዞው ቀረ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ቢቀበሉኝ እንኳ ፈረቃው ከመስከረም በፊት አይነሳም።
ስመለስ ወ/ሮ ዲንቄ ጋ ገባሁ፤ ፈረቃው የኔ ሥራ ነው አልኳት። ወንበር አላቀረበችልኝም።
ጫልቱ ግን እስከ በር ሸኘችኝ። በመስከረም ትምህርት ቤት እመለሳለሁ ወይ፣ እትዬ? ብላ ጠየቀችኝ።
አላውቅም አልኳት።