የትኛው ዳርቻ ይሻላል ላልሽኝ

ለውድ ልጄ ለነሲባ፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ባልሽ ሉቅማንስ ደኅና ነው? አዲሱን ሥራውን ለመደው ወይ? የልጅ ልጄን ሁዳን ያ ሳል ለቀቃት? ብርዱስ እንዴት እያደረጋችሁ ነው? እኛ አትላንታ ታከር ላይ በሙቀት ስንቀቀል እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ሹራብ ተለብሶ የሚዋልበት ከተማ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ባለፈው ወር መጥቼ በአጥንቴ አረጋገጥኩ። እኔ አልሐምዱሊላህ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ ልልሽ ነበር። ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እንዲህ ማለቱን ለመተው ስለሆነ ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታው።

ፊደሉ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተልቆ ስታዪው እንዳትስቂብኝ። በእስክሪብቶ ጀምሬው ነበር፣ አልሆነልኝም። ጎረቤታችን ጁነዲን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ የሚጽፍበትን ወፍራም ማርከር አመጣልኝ። ምን ልትጽፍበት ነው ሲለኝ ለልጄ ምክር አልኩት። ሦስት ቃል ሳልጽፍ ገጹ ያልቃል፣ ወረቀት ግን እንደ ልብ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። አባ፣ አንዱም የባሕር ዳርቻ ካልጣመህ እኛ ባለ አንድ መኝታውን እንይዛለን፣ ወሩ ሳያልቅ የኪራይ ውሉን ሳይን ማድረግ አለብን አልሽ። ድምፅሽ ውስጥ ቅያሜ ነበር፣ እውነትሽንም ነው። አብሬያችሁ እንድኖር እኔን ብላችሁ ነው ሁለት መኝታ ስትፈልጉ የከረማችሁት። አንተ የወደድከው ባሕር አጠገብ እንከራያለን፣ ምረጥ ብለሽ ሦስት ቀን ሦስት ቦታ አዞርሽኝ። እኔ ደግሞ ለሁሉም እንከን አወጣሁለት። ረጅሙ ኦሽን ቢች ጋ፣ ውሃው ሰው ይወስዳል የሚል ማስጠንቀቂያ የቆመበት ቦታ ምን ሊሠራልኝ አልኩ። ማዕበል የሌለበት ጋ ውሻ በዛ አልኩ። ሦስተኛው ቤከር ቢች ነበር፣ ያ ቀዩ ድልድይ ያለበት። ድልድዩን አየኸው ስትዪኝ፣ በዚህ ጉም ምን ይታያል፣ እዚህ ድረስ ያመጣሽኝ ጉም ልታዘግኚኝ ነው ወይ አልኩሽ። ከዚያ፣ ላንተስ ምንም አይጥምህም ብለሽ ለሁዳ ጫማ ልታደርጊላት ሄድሽ።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን አታውቂም። አንድ ወጣት ከሚስቱ ጋር መጣና ስልኩን ሰጠኝ፣ ድልድዩ ከኋላችን እንዲገባ አድርገህ ፎቶ አንሣን አለኝ። እኔም ለነሱው አስቤ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ትንሽ ታገሡ አልኳቸው። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ቀልደኛ ሽማግሌ መስዬያቸው ነው። ሰውየው፣ እንዲህ የጠራ ቀን እኮ እዚህ ከተማ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፎቶውንም አነሣኋቸው፣ ምን እንዳነሣሁ ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

ጉሙ የኔ ነበር ልጄ። እናንተ ከታከር በሄዳችሁ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ እንገፍፍልህ ነበር፣ ያንተ ግን ከዓይንህ ኋላ ያለው ነርቭ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለኝ። ጠብታውን ጠዋትና ማታ አደርጋለሁ፣ ግማሹ ጉንጬ ላይ ይወርዳል። በረመዳን ዋዜማም መስጊዱ ፓርኪንግ ላይ ሁሉም ጨረቃዋን ያቻትና እያለ ሲጠቁም እኔም አየኋት ብዬ ነበር። አላየኋትም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጾሙን ግን አሟልቼ ጾሜዋለሁ። እናትሽ ለይላ፣ አላህ ይዘንላትና፣ አንድ ዕቃ በጠፋባት ቁጥር፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው አላየሁም እያልኩ እምልላት ነበር። ይህን መሐላ ካቆምኩ ቆየሁ። እሷ ብትኖር በሁለት ቀን ታጋልጠኝ ነበር።

መኪናዋ ደጅ ቆማለች። የጎረቤት የፖስታ ሣጥን ገጭቼ ከጣልኩ ወዲህ አልነዳኋትም። ባትሪዋ እንዳይሞት በየሳምንቱ አስነሣትና፣ መሪውን ይዤ ጥቂት ተቀምጬ፣ አጥፍቼ እገባለሁ። ታከር ደግሞ ያለ መኪና እግር ብረት ነው። ለጁምዓ ጁነዲን ይወስደኛል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ጁምዓ ድረስ የሰው ድምፅ የምሰማው በስልክ ነው። ኢንሹራንስ ሊሸጡልኝ የሚደውሉትን እንኳ ቶሎ አልዘጋባቸውም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝና ስለ አንቺ ብዙ ነገርኳት፣ በመጨረሻ ራሷ ቸኩላ ዘጋችብኝ። ብቸኝነቱ ከበደኝ ልጄ። ይህን በአፌ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ።

የደበቅኩሽ፣ ዕውር ሽማግሌ ልጦር ነው እንዴ እንዳትዪ ብዬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ይህን አደረግኩ። አሁን ይህን ካነበብሽ በኋላ ሐሳብሽን ብትለውጪ አልቀየምሽም። ይኸው ደግሞ ዋሸሁ፤ እቀየማለሁ፣ ግን እረዳሻለሁ።

እና ምረጥ ላልሽኝ፣ ኦሽን ቢችን መርጫለሁ። እንከን ያወጣሁለትን፣ ጉም የማይለየውን። የመጀመሪያው ቀን እዚያ ስንቆም እውነተኛ ጉም ነበር። ሉቅማን ከሃያ እርምጃ ወዲያ አይታየኝም ብሎ ሁዳን አቀፋት፣ አንቺም እጄን ያዝሽኝ። ከፊታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳይታይ በድምፁ ነበር የሚታወቀው። ልጅ ሆነን ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን እንዲሁ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሽርሽር ከሰው እኩል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታውን እዚያው ያዢልኝ። መስኮቱ ባሕር አያሳይም ብለው ዋጋ ከቀነሱልሽ ለኔ ልዩነት የለውም። የእናትሽን መቃብር ሣሩን እያሳጨደ እንዲጠብቅ ለጁነዲን አደራ ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል።

ሉቅማንን ሰላም በዪልኝ። ለዚያ ሁሉ ማጉረምረሜ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም፣ አላህ ልጁን ያሳድግለት። ሁዳን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ከባሕሩ የለቀመችልኝን ድንጋይ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ በያት። ጁነዲን ሰላም ብሏችኋል፤ መሄዴን ሲሰማ ከፍቶታል፣ አልነገረኝም እንጂ። አላህ ያገናኘን። ስመጣ ኤርፖርቱ ላይ ከሩቅ እጅሽን አታወዛውዢልኝ። አባ ብለሽ ጥሪኝ፣ በድምፅሽ እመጣለሁ።

አባትሽ መንሱር
ታከር፣ አትላንታ
ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.