የአዴ ጫልቱ መቀመጫ በአዋሽ ኬላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አዴ ጫልቱን ከጓሮ መልሼ አሁን መግባቴ ነው። ክንዴ ዝሏል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አራተኛ ወሩ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ቁጢጥ ማለት ግን ቀረ። ሽንት ቤቱ የሦስት ቤት የጋራ ነው፤ መሬት ላይ ቀዳዳ ብቻ። ብብታቸውን ደግፌ ይዣቸው እቆማለሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቅርታ ይለምኑኛል። የባሌ እናት ናቸው። የራሴን እናት በልጅነቴ አጥቻለሁ፣ እናት ማለት ለእኔ እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ላንተ ግን ነገርኩህ፣ ማስታወሻዬ።

ት/ቤት ረፈደብኝ። የማስተምራቸው የአራተኛ ክፍል ልጆች ይጮኻሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ደረስኩባቸው። አዴ ውሃ አይጠጡም። ጠዋት በጠርሙስ የማስቀምጥላቸው ማታ ስመለስ እንዳለ ነው። ክሊኒክ ወሰድኳቸው፤ ድሬሰሩ እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው ይጎዳል አለ። ለምን ብዬ ተቆጣሁ።

«አንቺን ላለማድከም ነዋ፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነው። ሊያባብሉኝ ሲፈልጉ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ባሌ ግርማ ነገ ወደ ጅቡቲ ይወጣል። ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው። ጓዳውን ሽንት ቤት እናደርገዋለን ብለን ወሰንን፤ መቀመጫ ያለው። ናዝሬት ውስጥ ያልጠየቅነው ሱቅ የለም። የመንግሥት መደብሩ ለመሥሪያ ቤት እንጂ ለግለሰብ አንሸጥም ብሏል። እንግዲህ ከድንበር ማዶ ይምጣ። ግንበኛው ጉድጓዱን ጀምሯል፣ ቤቱ ሁሉ አቧራ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ግርማ ባዶ እጁን መጣ። መቀመጫውንና ሁለት ካርቶን ነጭ የወለል ሸክላ ገዝቶ ነበር። ዕቃው አዋሽ ኬላ ላይ ተያዘ። የተያዘውም ራሱ አስመዝግቦ ነው። ጓደኞቹ ጆንያ ሥር እንደብቅልህ ብለውት አልዋሽም አላቸው።

መናገር የሌለብኝን ተናገርኩ። ያንተን እውነት ተሸክማ የምትቆመው የእኔ ክንድ ናት አልኩት። ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

12 ሰዓት ላይ። ተመልሷል። ብርቱካን ይዞ። እየላጠ አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለእኔ። ከዚህ ሰውዬ ጋር ተኳርፎ ማደር አይቻልም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ነገሩ ይህ ነው። መቀመጫው የቅንጦት ዕቃ ተብሎ ተመዝግቧል። ቀረጥ አለበት፣ በላዩ ደግሞ የሽያጭ ታክስ። እኛ ልንሸጠው ነው እንዴ አልኩ። ግርማም እዚያው ጠይቆ ነበር። አገር ውስጥ ብትገዙት ባለሱቁ የሚቀበላችሁን ታክስ ነው ኬላው ላይ የምትከፍሉት ብለውታል። የትኛው ባለሱቅ? እሱን ሳይጠይቅ መጣ። ሁሉም ሲደመር ከተገዛበት ይበልጣል። ያለን ግማሹ ነው። በጊዜ ካልወጣ በሐራጅ ይሸጣል።

የክሊኒኩ ሐኪም ወረቀት ጻፈልን፦ ቁጢጥ ማለት አይችሉም የሚል።

ስናወራ አዴ ከወዲያ ክፍል ሰምተውናል። ወረቀት እግር የለውም፣ እኔው እሄዳለሁ አሉ። ባቡሩ ያንገላታዎታል ብንል፣ ብንለምን። መስሚያም የላቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ አዴን ይዘን ቀበሌ ነበርን። ምክንያት በሚለው ላይ «ለሕክምና» ብዬ ጻፍኩ። ግርማ ሰርዞ «የሽንት ቤት መቀመጫ ለማስለቀቅ» ብሎ ጻፈበት። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ብሎ ሦስታችንንም አየን። ማኅተሙን መታ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ አዋሽ

ይህን የምጽፈው ጣቢያው ላይ የመልስ ባቡር እየጠበቅን ነው። ሙቀቱ ሌላ ነው። 

የጉምሩኩ መጋዘን ውስጥ ወንበር የለም። ሹሙ ገና ወጣት ነው፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሁት። የሐኪሙን ወረቀት አነበበ። አዘነ፣ ግን ደንቡ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም አለ። የሽያጭ ታክሱን ነገር እኔ ጠየቅኩት። ጓድ፣ አገር ውስጥ የሚሸጥልን አንድ ሱቅ ንገረንና ከዚያ እንግዛ አልኩ። መዝገቡን ሳበና መጻፍ ጀመረ። 

አዴ ይህን ሁሉ ጊዜ በምርኩዝ ቆመዋል። መድከማቸውን አየሁ። ልይዛቸው ስል አለፉኝ። በራዲዮኖችና በጨርቅ ጥቅሎች መካከል እየተጎተቱ ሄዱ። መቀመጫችን ጭድ ተጎዝጉዞለት እዚያ ነበር። ቀስ ብለው ዞሩና ተቀመጡበት። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይኸው ልጄ፣ ተቀናጣሁ። አሁን ጻፍ።»

የመጋዘኑ ወዛደሮች ፊታቸውን አዞሩ። ግርማ ጣራውን ያያል። እኔ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ። ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይነሡ። ወንበር አመጣለሁ።»

«ይሄ ይሻለኛል። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ተደላድዬ አልተቀመጥኩም።»

መጽሐፉን መልሶ ገለጠ። ረጅም ጊዜ አገላበጠ። በመጨረሻ ለሕሙማን መገልገያ የሚል መደብ አገኘ፣ በሐኪሙ ወረቀት ወደዚያ አዛወረው። ቀረጡ ወረደ። የሽያጭ ታክሱን ግን የራሴ እናትም ብትሆን አስከፍላታለሁ አለ። ግርማ ተገቢ ነው አለው። ሁለቱ ተያዩ፤ የተግባቡ መሰለኝ። ያለን ገንዘብ ለመቀመጫው በቃ፣ ለሸክላው አልበቃም። ትተነው ወጣን። ቆንጆ ሸክላ ነበር። ይቅር፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሆናል።

ሹሙ ራሱ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። አዴ መረቁት። በኦሮምኛ ስለነበር ምን እንዳሉት ግርማን ጠየቅኩት። በስተርጅናህ የሰው እጅ አትይ ነው ያሉት።

ባቡሩ መጣ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት

ግንበኛው ሐሙስ ጨረሰ። ሲሚንቶው ደርቋል፣ ባልዲው ሞልቷል። ዛሬ አዴን እስከ በሩ ደግፌ አደረስኳቸው። አብሬ ልገባ ስል በመዳፋቸው ደረቴን ገፋ አደረጉኝ። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ልማድ ነው። ቢወድቁስ? ጆሮዬን አስጠጋሁ። በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ።

«አሁንም እዚያ ነሽ?» አሉ።

አለሁ አልኩ።

«ሂጂ። አስተምሪ።»

ግቢው ውስጥ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሁለቱም እጄ ባዶ። ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ፣ አለቀስኩም። ከሐዘን አይደለም።

ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ አልቆምም። ካልጠሩኝ በቀር።